ከሞተማ ወራሽ አለው

ድምፄን የማታውቁት ካላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ ሰው አልሞተባችሁም ማለት ነው።

ስሜ ጥሩነህ ነው። ሰፈርተኛው አጣሞ «ጡሩምባው» ይለኛል። የማዶ እድር ለፋፊ ነኝ። በገበያ ቀን ቡሬ ወጥቼ በርበሬ እሸጣለሁ፣ በሌላው ቀን ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፍቼ እለፍፋለሁ። አንድ ጊዜ ቡሬ ገበያ መሀል «በርበሬ!» ብዬ ብጮህ ፍኖተ ሰላም ያለ ሰው አስነጠሰው ይባላል። የሚለው እኔው ነኝ፤ ግን ይባላል። ዛሬ ሁሉም ሰው ሞባይል ይዟል፤ ሠርግ በስልክ፣ ዕቁብ በስልክ፣ ጠብም በስልክ ሆኗል። ሞት ብቻ እስከ ዛሬ በጡሩምባ ካልተነገረ አይታመንም። «እገሌ ሞተ» ተብሎ ቢደወልለት እንኳ፣ የማዶ ሰው ጆሮውን ወደምነፋበት ጉብታ ያቀናና «ጥሩነህ መች ነፋ?» ይላል።

ማዶ ማለት የፍኖተ ሰላምን ዐስፋልት ትታችሁ፣ በበቆሎ ማሳ መሀል ቁልቁል ወርዳችሁ፣ ጥቁር ውኃ የምንለውን ወንዝ ተሻግራችሁ የምታገኙት አገር ነው። በበጋ ጥቁር ውኃን ጫጩት ያስከተለች ዶሮ ትሻገረዋለች። ክረምት ሲገባ ግን ያው ወንዝ በሬ ከነሞፈሩ ይወስዳል፤ አንዳንድ ጊዜም ባለቤቱን ጨምሮ። ቤተ ክርስቲያናችንና መቃብራችን ያሉት ደግሞ ከወንዙ ወዲያ፣ በከተማው በኩል ነው። እንግዲህ አስቡት። እኛ በዚህ፣ መቃብራችን በዚያ። ክረምት ላይ የሞተ የማዶ ሰው ውኃው እስኪጎድል ተራ ይጠብቃል።

አባቴ ያረፈው በነሐሴ ነው። ቃሬዛውን ወንዝ ዳር አሳርፈን ተቀመጥን። ካህናቱ በወዲያኛው ዳር ጥላ ዘርግተው ቆመው ይታዩናል። ውኃው አልጎድል ቢል እዚያው ቆመው ፍትሐቱን ደገሙለት። የወንዙ ጩኸት ግማሹን በላው። የእኔ አባት በግማሽ ፍትሐት ነው የሄደው። በዚያ ቀን እኔም ቀልድ አልመጣልኝም።

ይህን ያወራሁት ስለ ወንዙ ላማርር አይደለም። ስለ ሟቹ ስነግራችሁ ለምን እንደ ሰው እንዳለቀስንለት ይገባችሁ ብዬ ነው። ሟቹ የምርጫ ክልላችን ነው።

አዎን፣ የምርጫ ክልል ነበርን። «ጥቁር ውኃ ማዶ ምርጫ ክልል» ተብለን፣ ራሳችንን ችለን፣ አንድ ሰው ወክለን ልንልክ። እንዴት እንደተፈጠርን አላውቅም፤ እናንተስ እንዴት እንደተፈጠራችሁ ታውቃላችሁ? ብቻ የቀበሌው ሰው መጣና «ጥሩነህ፣ ሕዝቡን ለምዝገባ ጥራ» አለኝ። እኔ የማውቀው መጥሪያ አንድ ነው። ጉብታው ላይ ወጥቼ ጡሩምባዬን ነፋሁ።

አገሩ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ! ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ፣ ወንዶቹ ዱላቸውን ገልብጠው እየተደገፉ። አልቃሻችን እትየ አበጀሽማ ከሩቅ ጀምራው ነበር የደረሰችው።

«እትየ አበጀሽ፣ ቆይ እንጂ! ማን እንደሞተ ሳታውቂ?» አልኋት።

«እኔ ደግነቱን ጀምሬያለሁ፤ ስሙን አንተ ትጨምርበታለህ» አለችኝ።

«ኧረ ማንም አልሞተ! የምርጫ ክልል ነው የተወለደ!»

ሕዝቡ ሳቀ። የኔታ ጥበቡ ብቻ አልሳቁም። የኔታ የቤተ ክርስቲያናችን ቅኔ መምህር ናቸው፤ እሳቸው ዘንድ «እንደምን አደሩ» ብላችሁ እንኳ ወርቁ ምን እንደሆነ ይፈልጉበታል። «በለቅሶ ጡሩምባ የተጠራ ልደት፣» አሉ ጭራቸውን እያወዛወዙ፣ «ፍጻሜውን ያሳምረው።»

መረጥን። የላክነው ሰው አስተማሪ ነበር፤ እንደ መዥገር የሚጣበቅ። ድልድይ ብሎ ገባ፣ ድልድይ ብሎ ወጣ፣ ሲያስነጥስ እንኳ «ድልድይ!» ይል ነበር ይባላል። በመጨረሻ ጥቁር ውኃ መሀል ሁለት የድንጋይ ምሰሶ ቆመ። የማዶ ሰው እሑድ እሑድ ምሰሶ ሊያይ ይወርድ ጀመር፤ እንደ ሙሽራ።

ከዚያ ወሬ መጣ። በአንድ ስብሰባ የምርጫ ክልላችን ከጎረቤት ተቀላቅሏል፣ ማዶ የሚባል ቀርቷል ተባለ። አንድ ምርጫ ብቻ ኖሮ በጨቅላነቱ ተቀጨ። የግንባታው ሰዎች አካፋቸውን ጭነው ሄዱ። ምሰሶዎቹ ቀሩ። ወፍ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሻገርባቸው ጀመር፤ ወፍ ደግሞ ድልድይ እንደማያስፈልገው የኔታን ሳንጠይቅ እናውቃለን።

ግንቦት ገባ። ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር የኔታና እኔ ፍኖተ ሰላም ወጣን፤ ጉዳዩ የሚመለከተው መሥሪያ ቤት። ኃላፊው ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል፤ ጠረጴዛው ከመስፋቱ የተነሣ ሰላምታ ለመስጠት ታንኳ ያስፈልጋል። ትሑት ሰው ነው፤ የኔታን አይቶ ተነሥቶ አስቀመጣቸው። መልሱ ግን እንዲህ ነበር፦

«የኔታ፣ ያ ሥራ የተያዘው በማዶ ምርጫ ክልል ስም ነው። ማዶ የሚባል ምርጫ ክልል ደግሞ የለም።»

«ነበረ እኮ፣ ልጄ።»

«በእኛ ዘንድ የለም። የሌለ ነገር ድልድይ የለውም። እንደ አዲስ ጠይቁና ተራ ያዙ።»

«ክረምቱስ ተራ ይይዛል?» አልሁ እኔ።

ኃላፊው ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ። የኔታ ግን መቋሚያቸውን ተደግፈው ጠየቁት፦ «የለም ስትል አልተወለደም ነው፣ ጠፍቷል ነው፣ ወይስ ሞቷል?»

«የኔታ፣ እባክዎ ቅኔ አያድርጉብኝ። የለም ማለት የለም ነው።»

ወጣን። በፈረስ ጋሪ ተመለስን። ጋሪው እየነጠረ እኔን ወደ ሰማይ ሲወረውረኝ የኔታ ንቅንቅ አላሉም። መንገዱ ሲጋመስ ተናገሩ።

«ጥሩነህ።»

«አቤት የኔታ።»

«ሰው ወጥቶ ቢቀር፣ ሬሳው ባይገኝ፣ ለቅሶ ባይቀመጡለት ምን ይባላል?»

«ጠፋ ይባላል።»

«የጠፋ ሰው ንብረት ይወረሳል?»

«ኧረ! ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል እንጂ። ማን ይነካዋል?»

«የሞተስ?»

«የሞተማ ወራሽ አለው።»

የኔታ ፈገግ አሉ። «እንግዲያው ጥፋቱ የእኛ ነው። ማዶ ሞቶ ሳለ አላለቀስንለትም። ለዚህ ነው ‹የለም› እያሉ የሚጫወቱብን። ለቅሶ እንቀመጥለት። ያ ልጅ መጥቶ ‹እግዜር ያጥናችሁ› ካለን ሟች አለ ማለት ነው። ሟች ካለ ኖሮ ነበር። ኖሮ ከነበረ የተወው አለ። የተወው ካለ...»

«ወራሽ አለው!» ብዬ ስጮህ ፈረሱ ደንግጦ በሩጫ አገር ቤት አደረሰን።

ለፍርድ ቤት እንግዳ ያልሆነ አገር መሆናችንን ታውቃላችሁ። ጎጃሜ ለአንድ ክንድ ድንበር ልጅ ሆኖ ክስ ጀምሮ አያት ሆኖ ይግባኝ ይላል። ስለዚህ የኔታ ነገሩን ለእድሩ ሲያስረዱ አንድም ሰው አልሳቀ። የእድሩ ሊቀ መንበር የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ንፍሮው የስንዴ ይሁን የሽንብራ?»

በማግሥቱ ማለዳ የእድሩን ድንኳን በጋሪ ጭነን ፍኖተ ሰላም ገባን። ከመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ትይዩ፣ ከዐስፋልቱ ዳር ተከልነው። አግዳሚዎቹን ደረደርን፣ ንፍሮው ተጣደ፣ ሴቶቹ ነጠላ አዘቀዘቁ። እኔ ጡሩምባዬን አነሣሁ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ ፈራሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ባለ ሥልጣን የማይወደውን ነገር ነፍቼ አላውቅም። ሞት ማንንም አይፈራም፣ ስለዚህ ለፋፊውም አይፈራም። ይህ ግን ሌላ ነው። ማዶ ላይ ቀልደኛ ነኝ፤ ፍኖተ ሰላም ዐስፋልት ላይ፣ ከመሥሪያ ቤት ፊት፣ አንድ የበርበሬ ነጋዴ ነኝ። የአባቴ ቃሬዛ ትዝ አለኝ። ነፋሁ።

«ስማ! ያልሰማህ ስማ! የጥቁር ውኃ ማዶ ምርጫ ክልል በድንገት ስለተለየን፣ ወዳጅ ዘመድ ሁሉ ለቅሶ እንድትደርስ!»

የፍኖተ ሰላም ሰው ጡሩምባውን እንጂ ቃሉን አልሰማም። ለቅሶ ደግሞ ታይቶ አይታለፍም። ባጃጆች ቆሙ። ገበያ የምትሄድ ሴት ዘንቢሏን አስቀመጠችና ነጠላዋን አዘቀዘቀች። አንድ ባለ ሱቅ መዝጊያውን ግማሽ አወረደ። ነገሩን ባላወቁ ሰዎች ድንኳኑ ሞላ። አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው ጠየቁኝ።

«ሟች ማን ናቸው?»

«ማዶ ናቸው፣ አባቴ።»

«አቶ ማዶ... አላወቅኋቸውም። ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

«ደግ ነበሩ። ጨቅላ ነበሩ እንጂ ብዙ ባሳዩን።»

«ወይኔ ልጅ! ሕመማቸው ምን ነበር?»

«ስብሰባ ላይ ነው ያለፉት።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስብሰባ እንኳ ይገድላል። እኔንም አንድ ጊዜ ለጥቂት ነው የማረኝ» አሉ፣ እንባቸውን እየጠረጉ።

ቀይ መቀነት የታጠቁ አንዲት አሮጊት ደግሞ ገብተው ከእትየ አበጀሽ ጎን ተቀመጡና ከማንም አስበልጠው ያለቅሱ ጀመር። ማንነታቸውን ማናችንም አላወቅንም። ሰው በሰው ለቅሶ የራሱን ሟች ነው የሚያለቅሰው፤ ባለቤታቸውን ይሆናል ብለን ቦታ ለቀቅንላቸው። እትየ አበጀሽም ጊዜው ሲደርስ ተነሣች፦

«ምሰሶህ ቆሞ ሳለ አንተ ፈረስህ ወይ፣
ይህን ጉድ ያየ ሰው ይሻገራል ወይ።»

ድንኳኑ ተናወጠ። ቀጠለች፦

«ድምፄን ሰጠሁህ ብዬ ባዶ አፌን ስመጣ፣
የሰጠሁህ ድምፄ ከእንባዬ ጋር ወጣ።»

ይህን ጊዜ ነገሩ የገባቸው ሰዎች ዓይናቸውን ከነጠላቸው ሥር ወደ መሥሪያ ቤቱ መስኮት ላኩ። መጋረጃው ተነቃነቀ።

መጀመሪያ አንድ ፖሊስ መጣ። «ሰልፍ ያለ ፈቃድ ክልክል ነው!»

«ለቅሶ ነው፣ ልጄ» አሉ የኔታ። «ለለቅሶ የሚፈቅደው አንድ ነው፤ እሱም ፈቅዷል።»

«ሬሳው የት አለ?»

«ቀብሩን እነሱ በጓዳ ፈጽመውታል። ለእኛ የተረፈን ለቅሶው ነው።»

ፖሊሱ የኔታን አየ፣ ሴቶቹን አየ፣ የእትየ አበጀሽን ደረት አየ። ቆቡን አወለቀና «ያጥናችሁ» ብሎ ዳር ቆመ። አንድ ተቆጠረልን። ቀጥሎ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ መጣ፣ ያጥናችሁ አለ፣ ንፍሮ ዘግኖ ተመለሰ። ጸሐፊዋም ነጠላ ተውሳ መጣች። መሥሪያ ቤቱ ባዶውን ሊቀር ነው።

በመጨረሻ ኃላፊው ራሱ ወጣ። እጆቹን ኪሱ ከትቶ ዐስፋልቱን ተሻገረ፤ ድንኳኑ በር ላይ ቆመ። ለቅሶው ቀጥ አለ። ዝንብ እንኳ ክንፏን የሰበሰበች መሰለኝ። ሁላችንም አፉን እናያለን። አንድ ቃል ነው የምንፈልግ።

ብልጥ ነው፤ ወጥመዱን አይቶታል። ጉሮሮውን ጠረገና፦ «እንዴት ዋላችሁ?» አለ።

ለቅሶ ላይ! እንዴት ዋላችሁ! ድንኳኑ ውስጥ «ኧኸ!» የሚል ድምፅ ወጣ፤ እንደ ተረገጠ ድመት። ሽማግሌዎች ፊታቸውን አዞሩ። ያን ጊዜ ፍርሃቱ ለቀቀኝ። ተነሣሁ።

«ጌታዬ፣ እንዴት እንደዋልን ልንገርዎት?» አልሁ፤ ድምፄ እስከ ቡሬ ነው የደረሰው። «አባቴን በነሐሴ ወንዝ ዳር አስቀምጬ ነው የዋልሁ። ፍትሐቱን ውኃ ሲበላበት እያየሁ ነው የዋልሁ። ዘንድሮም ከእነዚህ ሰዎች አንዱ እንዲሁ ይውላል። እኛ የለንም ካሉ፣ ያ ሬሳ የማን ነው?»

ኃላፊው ቀላ። «እኔ እኮ... የሞተ ሰው የለም...»

ይኼኔ ባለ ቀይ መቀነቷ አሮጊት ብድግ አሉ።

«አንተ! እጅህን ከኪስህ አውጣ!»

ኃላፊው ፈዘዘ። «እ... እማዬ? እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?»

«አለቅሳለሁ! ደጃፍህ ላይ የሰው ለቅሶ ተዘርግቶ እንደ ጅብራ ትገተራለህ? አባትህ ሲሞት ማን ነው ድንኳን የሞላልህ?»

«እማዬ፣ ሟች የለም እኮ፣ እነዚህ ሰዎች...»

«ሟች የለም? ታዲያ ይህን ሁሉ እንባ ከየት አመጡት፣ ከቧንቧ? በል፣ እግዜር ያጥናችሁ በል!»

ጎጃም ውስጥ ከእናት በላይ ይግባኝ የለም። ሰውየው እጆቹን አወጣ። አንገቱን ሰበረ።

«እግዜር... ያጥናችሁ።»

«አሜን!» አሉ የኔታ፣ ከሁሉም ፈጥነው። «ተቀመጥ ልጄ፣ ንፍሮ ቅመስ።»

እናቱ ዘግነው መዳፉ ላይ ጨመሩለት። በላ። የለቅሶ ንፍሮ ከበሉ በኋላ ሟች አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ይህን የማያውቅ የጎጃም ልጅ የለም፤ እሱም ያውቃል። ሲያላምጥ ፊቱ ላይ አየሁት።

የኔታ እስኪውጥ ጠበቁት። «ሟችን ታውቀው ኖሯል» አሉ ቀስ ብለው። «ከሞተማ ወራሽ አለው። ወራሾቹ እነሆ። የተወልን ሁለት ምሰሶ ነው፤ የጎደለውን ልትሞላልን ነው የመጣነው።»

ኃላፊው መዳፉን ጠረገ። ከዚያ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየ ነገር አፉ ላይ መጣና «የኔታ፣ እርስዎ ዘንድ ቅኔ ተምሬ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አልወጣም ነበር» አለ።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ቀልደኛ ስለሆንሁ መጨረሻውን አሳምሬ እንዳልዋሻችሁ ትፈሩ ይሆናል። አልዋሽም። የምርጫ ክልላችን አልተመለሰም። የሞተ አይነሣም፤ እኛም አልዓዛርን አልጠየቅንም። የጠየቅነው ውርሳችንን ነው። መኪና የሚያሳልፍ ድልድይም አልተሠራልንም። ነገር ግን ሰኔ ሳይጋመስ ብረትና እንጨት በመኪና መጣ፤ ጉልበቱን እኛ ጨመርን። በሁለቱ ምሰሶ ላይ መተላለፊያ ዘረጋን፤ ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች ጎን ለጎን የሚያልፉበት ስፋት ያለው። መሥሪያ ቤቱ «ጊዜያዊ የእግረኛ መሻገሪያ» ይለዋል። እኛ «ውርስ» እንለዋለን። «በውርስ ወጥቼ ልምጣ» ካላችሁ ማዶ ውስጥ የማይገባው ሰው የለም።

በዚያው ነሐሴ፣ ውኃው ሞልቶ ሲያገሣ፣ የኔታ ጥላቸውን ይዘው መጡ። ውርስ መሀል ላይ ቆሙና እኔን ከአጠገባቸው አቆሙኝ። ወንዙ ከእግራችን ሥር ይጮኻል። እሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ለአባቴ ፍትሐት ደገሙለት፤ ወንዙ የበላውን ያን ግማሽ። አንዲት ቃል አልቀረችም። እኔ ጡሩምባዬን ይዤ ነበር፤ መንፋት ግን አልቻልሁም።

ከዚያ ቀን በፊት ድምፅ መስጠት ማለት ድምፅን ለሰው አስረክቦ አፍን መዝጋት ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ሲጠይቁኝ «ሰጠሁ እንጂ አልሸጥሁም» እላለሁ፤ የበርበሬ ነጋዴ በመስጠትና በመሸጥ መካከል ያለውን ልዩነት አያጣውም። እናንተም የሰጣችሁትን ድምፅ ተከታተሉት። ያስቀመጣችሁበት ቦታ «የለም» ካሏችሁ አትጨቃጨቁ፤ ድንኳን ትከሉና አልቅሱለት። ከዚያ ውርሳችሁን ጠይቁ።

እኔ ዛሬም እነፋለሁ። ሰው ሲሞት ነጠላ አዘቅዝቆ ይመጣል፤ ያ አልተለወጠም። አንዳንድ ጊዜ ግን ሰው ሳይሞት ጉብታው ላይ ወጥቼ እነፋለሁ። ያን ጊዜ ማዶ ነጠላውን አያዘቀዝቅም፤ አደግድጎ፣ ዱላውን አቅንቶ ይመጣል። «ማን ሞተ?» ብሎም አይጠይቅም።

«ደግሞ ማን ነው የላችሁም ያለን?» ይላል።